ከፍትፍቱ ፊቱ፦ ያገለገለ ኮምፒውተር ለስደተኛ ወጣት ለምትሰጡ

ልጄ፣ መሥሪያ ቤታችሁ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ገዝቶ አሮጌዎቹን አሳድሶ ለስደተኛ ወጣቶች ሊሰጥ ማሰቡን ስትነግረኝ ልቤ ሞላ። «ጋሼ፣ እርስዎ የጅማን አገር መንገዱንም ሰውንም ያውቃሉ፤ ይምከሩኝ» ብለሃል። ዕድሜዬን በጅማና በአጋሮ ልጆች ሳስተምር ስለኖርኩ የማውቀውን አልደብቅህም። ምክሬ አንድ ነው፣ ሌላው ሁሉ የእሱ ዝርዝር ነው፦ ኮምፒውተሩን ለብቻው አትስጡ፤ የመጠገን ችሎታውንና ባለቤትነቱን አብራችሁ ስጡ።

ከሁሉ በፊት ስለ ፊታችሁ ልናገር። «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚባለው እንግዳ የቀረበለትን ከመቅመሱ በፊት ያቀረበለትን ሰው ፊት ስለሚያይ ነው። ስደተኛ ደግሞ ፊት ማንበብን ተገዶ የተማረ ሰው ነው፤ በየኬላው፣ በየምዝገባው መስኮት፣ በየራሽን ሰልፉ ሲያነብ ኖሯል። ስለዚህ ርክክቡን በባነርና በካሜራ አታጅቡት። ወጣቶቹን አሰልፎ፣ ላፕቶፕ አስይዞ፣ ፎቶግራፍ አንስቶ በማኅበራዊ ሚዲያ መልቀቅ ለእናንተ የአንድ ቀን ዜና ነው፤ ለልጁ ግን አደጋ ሊሆን ይችላል። ከሚያሳድደው ሸሽቶ፣ ቤተሰቡን እዚያው ትቶ የመጣ አለና። ፊቱና ስሙ የት እንደሚታይ የሚወስነው እሱ ነው። ለሪፖርት የግድ ፎቶ ካስፈለገ ማሽኖቹን አንሱ።

ለማን እንደምትሰጡም በደንብ እወቁ። አገራችን ዛሬ ከ1 ሚሊዮን በላይ ስደተኞችና ጥገኝነት ጠያቂዎች አሉባት። ሶማሌዎቹ በጅግጅጋና በዶሎ አዶ በኩል፣ ሱዳናውያኑ በቤኒሻንጉል ጉሙዝና በአማራ ክልል፣ ከኤርትራውያኑ ብዙዎቹ በአዲስ አበባ፣ ደቡብ ሱዳናውያኑ ደግሞ በጋምቤላ ይኖራሉ። ለእኛ ለጅማ ሰዎች ቅርቡ የጋምቤላው ነው። ከጅማ ተነስቶ በአጋሮ፣ በበደሌ፣ በመቱና በጎሬ አድርጎ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ባሮ ወንዝ ዳር ያደርሳል፤ ጀዊ፣ ኩሌ፣ ቴርኪዲ የሚባሉት ካምፖች በዚያ ክልል ናቸው። በዚሁ መንገድ ሽቅብ የሚመጡት ደግሞ ተማሪዎች ናቸው፤ የ12ኛ ክፍልን ፈተና አልፈው ጅማን ጨምሮ በየዩኒቨርሲቲው የሚመደቡ። ከእነዚህ አንዳንዶቹን የሚያስተምረው እ.ኤ.አ. በ1992 በጀርመን መንግሥት ገንዘብ የተጀመረው፣ ዳፊ የሚባለው የትምህርት ዕድል ነው። የተሰየመው በአልበርት አንስታይን ስም ነው፤ አንስታይንም ስደተኛ ነበር። በዓለም ዙሪያ ከፍተኛ ትምህርት ውስጥ የገባው ስደተኛ ወጣት ከመቶ አሥር እንኳ አይሞላም፤ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ 15 ለማድረስ ነው የሚጥረው። እንግዲህ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የምታገኘው ስደተኛ ተማሪ ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ ነው። ይህን ሁሉ አልፎ የመጣ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፉን በስልክ ሲጽፍ፣ ወይም የጓደኛውን ላፕቶፕ ለመዋስ ጓደኛው እስኪተኛ ሲጠብቅ ማደሩ ያስቆጫል።

«ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» እንዳይሆን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሲቪል ምህንድስና የሚማረው ልጅ ለንድፍ ሥራ ጉልበት ያለው ማሽን ይፈልጋል። ነርሲንግ ለምትማረው ቀላልና ባትሪው የማይደክም ይበቃታል። ካምፕ ውስጥ ላለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈቱ መጻሕፍት የተጫኑበት ይሻለዋል። ቋንቋም ጠይቁ፤ ኑዌርኛ፣ አኙዋክኛ፣ አረብኛ ወይም ትግርኛ የሚናገር ልጅ ሁሉ አማርኛ ያነባል ብላችሁ አትነሱ። ሴቶቹን ለብቻቸው ጠይቁ፤ በስብሰባ መካከል እጅ ማውጣት ይከብዳቸዋል። የኮምፒውተር ክፍሉ የሚከፈተው ውሃ በሚቀዱበትና ታናናሾቻቸውን በሚጠብቁበት ሰዓት ከሆነ፣ ወይም መንገዱ ጨለማ በሆነበት ምሽት ከሆነ፣ ወረቀቱ ላይ «ለሁሉም» ቢባልም ክፍሉ የወንዶች ብቻ ይሆናል።

አሁን ወደ ማሽኖቹ ልምጣ። በዚህ ሰሞን ለምን ይህን ያህል ኮምፒውተር ከየቢሮው እንደሚወጣ አንተ ከእኔ የበለጠ ታውቃለህ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቆመ፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደኅንነት አካል የሌለውን ማሽን አይቀበልም። ስለዚህ ምንም ያልሆነ ኮምፒውተር «አርጅቷል» እየተባለ ይወጣል። እኛ የቡና ሰዎች ግን ማፍራት ያቆመን ቡና አንነቅልም፤ እንጎነድለዋለን። ከመሬት 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ያህል አስቀርተን በሰያፍ እንቆርጠዋለን። ከጉቶው ብዙ ቡቃያ ሲወጣ ሁለት ሦስቱን ጠንካሮች መርጠን ሌላውን እናነሳለን፤ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ እንደ ወጣት ተክል ያፈራል። ጎንድሎ ቡቃያውን ሳይመርጥ የተወው ገበሬ ግን ቁጥቋጦ እንጂ ቡና አያገኝም። አሮጌ ኮምፒውተርንም የሚያድነው እንዲህ ያለ መቁረጥና መምረጥ ነው፤ አቧራውን ጠርጎ ካርቶን ውስጥ መክተት አይደለም።

የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ አውጡና ኤስኤስዲ አስገቡ። ራሙን ቢያንስ 8 ጊጋባይት አድርሱት። ሁለቱ ብቻ የተኛውን ማሽን ያስነሱታል። ዊንዶውስ 11 አልገባ ካለ ኡቡንቱን ወይም ሌላ የሊኑክስ ዓይነት ጫኑ፤ ፈቃዱ አይገዛም፣ እድሳቱም በነፃ ይመጣል። ማራገቢያውን አጽዱ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ቅባት ቀይሩ፤ ጋምቤላ በበጋው መጨረሻ ሙቀቱ 40 ዲግሪ የሚደርስበት አገር ነው። አዲስ አበባ ላይ ሳያንገራግር የሠራ ላፕቶፕ እዚያ ሲደርስ በሙቀቱ ራሱን ሊያጠፋ ይችላል።

ትልቁን ሥራ የሚያከሽፉት ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታክል የሰዓት ባትሪ አለች። እሷ ስትሞት ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ቀኑን ይረሳል፤ ቀኑ ከተሳሳተ ደግሞ ብዙ ድረ ገጾች «አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አይከፈቱም። ልጁ ኢንተርኔቱ የተበላሸ ይመስለውና ለዳታ ያጠራቀማትን ብር በከንቱ ይጨርሳል። ባትሪዋን አሁኑኑ ቀይሩ። የባዮሱን የይለፍ ቃል ክፈቱ፤ በመሥሪያ ቤቱ ቁልፍ እንደተቆለፈ የተሰጠ ላፕቶፕ አንድ ቀን ሲበላሽ ማንም እንደገና ሊጭንበት አይችልም። ከርቀት የምትቆጣጠሩበት ምዝገባ ካለም ሰርዙት። ከሩቅ ሆነህ ልትዘጋው የምትችለውን ዕቃ ገና አልሰጠኸውም። ላፕቶፑንና የራሱን ቻርጀር ደግሞ አትለያዩ፤ አንዱ ካርቶን ውስጥ ማሽን፣ ሌላው ካርቶን ውስጥ የተደባለቀ ቻርጀር ሲላክ ግማሹ ከመጋዘን ሳይወጣ ይቀራል።

ስለ ዲስኩ አጥብቄ ልንገርህ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል፤ ዲስክም እንደዚያው ነው። ፋይልን ወደ ቅርጫት ጥሎ ቅርጫቱን ባዶ ማድረግ መረጃውን አያጠፋውም፤ የተቀመጠበትን ምልክት ብቻ ነው የሚያነሳው። የደንበኞቻችሁ ሂሳብ፣ የሠራተኞቻችሁ ደመወዝ፣ የሰው መታወቂያ ቅጂ እዚያው ይቀራል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ዲስኩ እንደገና የሚሠራ ከሆነ ለዚሁ በተሠራ ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ አጥፉት፤ የማይሠራ ከሆነ ሰባብሩት። ለእያንዳንዱ ማሽን በመለያ ቁጥሩ ማስረጃ ያዙ። ይህን የምለው ለእናንተ አስቤ ብቻ አይደለም። የሰው ምስጢር ያለበት ዲስክ በአንድ ስደተኛ ልጅ እጅ ቢገኝ ጣት ወደ ማን እንደሚቀሰር አስብ። እናንተ ያላጠፋችሁት ፋይል እሱን ሌባ ያስብለዋል።

ዋናው ጉዳይ ጋ ደረስን። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም።» ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ አልሄድም፤ እዚሁ ጅማ አለልኝ። እ.ኤ.አ. በ1952 የጅማ እርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ፖይንት ፎር በሚባለው የአሜሪካ የእርዳታ ፕሮግራም የኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም ኮሌጅ መምህራኑን ይዞ መጣ። የመጣው መሣሪያ ብቻ አልነበረም፤ መሣሪያውን የሚያሠሩና ሌላውን የሚያሠለጥኑ ሰዎች እዚህ ተቀምጠው አስተማሩ። በኋላ ዓለማያ የገባው የእርሻ ኮሌጅ እንኳ የራሱ ግቢ እስኪሠራለት ድረስ የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ያስተማረው እዚሁ ጅማ ነው። ያ ትምህርት ቤት አልሞተም። የእርሻ ኮሌጅ ሆነ፣ ከጤና ሳይንስ ተቋሙ ጋር ተዋሕዶም በ1992 ዓ.ም. ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተወለደ። ሰው አብሮት የመጣ ስጦታ ይህን ያህል ይኖራል።

ሰው ያልቀደመበትንም አይተናል። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ በሚል ስም በዓለም የታወቀው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2008 ግድም ወደ አገራችን 5 ሺህ ያህል ትንንሽ አረንጓዴ ላፕቶፖች አስገብቶ ነበር። ልጆቹ ወደዱት። መምህራኑ ግን በቂ ዝግጅት ስላልተደረገላቸው ላፕቶፑን ከትምህርቱ ጋር የሚያገናኙበት መንገድ ጠፋባቸው፤ ተማሪው በክፍል ውስጥ ሲነካካው ትምህርቱን የሚረብሽ ሆኖ ታያቸው፣ የከለከሉም ነበሩ። በመምህራኑ አልፈርድም፤ እኔም ያላወቅሁትን መሣሪያ ክፍሌ ውስጥ ቢያስገቡብኝ ያንኑ አደርግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ እነዚያው ሰዎች በወንጪና በወሎንጨቴ ማንበብ ለማያውቁ ልጆች ታብሌት በታሸገ ካርቶን አስቀምጠው ሄዱ፤ ልጆቹ ያለ አስተማሪ ከፍተው ተጠቀሙበት ተብሎ ወሬው ዓለምን ዞረ። ታሪኩን የሚያወሩ ሁሉ የሚዘሉት ነገር አለ። ታብሌቱ የሚሞላበት የፀሐይ ኃይል አስቀድሞ ተተክሎ ነበር፤ አጠቃቀሙንም ለአካባቢው አዋቂዎች አሳይተዋቸው ነበር፤ በየሳምንቱም አንድ ሰው እየመጣ የማስታወሻ ካርዱን ይቀይር ነበር። ካርቶኑ ብቻውን ያስተማረው ልጅ የለም።

እ.ኤ.አ. በ2005 ደብሊን ላይ የተመሠረተው ካማራ የተባለው የአየርላንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ይህን ቀድሞ የተረዳ ይመስለኛል። ኩባንያዎች የተዉትን ኮምፒውተር ሰብስቦ፣ መረጃውን አጥፍቶ፣ የትምህርት ፕሮግራም ጭኖ ኢትዮጵያን ጨምሮ ወደ አፍሪካ ትምህርት ቤቶች ሲልክ የመምህራን ሥልጠናን ከማሽኑ አይለይም ነበር። እናንተ ግን ከዚያም አንድ ደረጃ እለፉ፤ አዳሾቹን ራሳቸውን ስደተኞቹን አድርጓቸው። ማሽኖቹን አዲስ አበባ ላይ አሳድሳችሁ በመጨረሻ ከማድረስ፣ ገሚሱን ሳይታደሱ ከነመለዋወጫቸው አምጡና ከባለሙያዎቻችሁ ሁለቱን ለጥቂት ሳምንታት ከወጣቶቹ ጋር አስቀምጡ። ዲስክ መቀየር፣ ራም መጨመር፣ ሊኑክስ መጫን፣ የተቆረጠ የቻርጀር ገመድ መበየድ ዲግሪ አይጠይቅም። አሥር ልጆች ይህን ካወቁ መቶ ማሽኖች ዕድሜ ያገኛሉ፤ ልጆቹም ሙያ ይዘው ይወጣሉ። ስልክ የማይጠገንበት ካምፕና ከተማ የለም። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ለትምህርትም ለሥራም በር ከፍቷል፤ የፋይዳ መታወቂያም ለስደተኞች መሰጠት ጀምሯል። ሕጉ የከፈተውን በር የሚገባበት ግን በእጁ ሙያ ያለው ነው።

ሥራው ከየት ይመጣል ብለህ ብትጠይቀኝ ወደ ቡናው እመልስሃለሁ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ መሠረት ወደዚያ የሚሸጥ ቡና የበቀለበት ማሳ በካርታ ላይ በመለያ ነጥብ መታወቅ አለበት። ደንቡ የሚጀምርበት ቀን ደጋግሞ ቢራዘምም ሥራው ግን አይቀርም። ጎማ፣ ጌራ፣ ሊሙ፣ ሰቃ ውስጥ ያለው ገበሬ ማሳ ትንንሽና ብዙ ነው፤ እያንዳንዱ መለካት፣ መመዝገብ፣ ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ መዝገብ ጋር መመሳከር ይኖርበታል። ይህን የሚሠራ ኮምፒውተር የሚችል ወጣት በየቡና ከተማው ይፈለጋል። የአጋሮን ልጅና ጅማ የሚማረውን የደቡብ ሱዳን ልጅ በአንድ ጠረጴዛ አሠልጥኗቸው፤ ሁለቱም የሚጠቀሙበት ሙያ ነው።

አሁን ስለ ባለቤትነቱ። ስሙን በማልጠራው በአንድ የቡና ከተማ ትምህርት ቤት ከውጭ የመጡ ዴስክቶፖች በሞዴል 19 ገቢ ሆነው አንድ ክፍል ተሰጣቸው። ቁልፉ በንብረት ክፍል ሠራተኛው ኪስ ገባ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ አንድ ማውስ ቢጠፋ ከደመወዙ እንደሚቆረጥ ያውቅ ስለነበር የሚያድነው መቆለፍ ብቻ ሆነ። ጎብኝ ሲመጣ ይከፈታል፣ ጨርቁ ይነሳል፣ ጎብኚው ሲሄድ ይሸፈናል። ልጆቹ በመስኮት እያዩ ተመረቁ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው ለዚህ ነው። ስለዚህ የርክክቡ ሰነድ ላይ በግልጽ አስጽፉ፦ በአገልግሎት ምክንያት የተበላሸ ማሽን በማንም ላይ ዕዳ አይሆንም፤ ክፍሉ በቀን ይህን ያህል ሰዓት ይከፈታል፤ ቁልፉ የሚያዘው በወጣቶቹ ኮሚቴ ነው፤ ከኮሚቴው ግማሹ ሴቶች ናቸው። ይህች አንድ ገጽ ወረቀት ከማሽኖቹ ሁሉ ትበልጣለች።

ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ግን ከዚህም አልፋችሁ ላፕቶፑን በስማቸው ስጧቸው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ።» ሲመረቅ ይመልሳል ተብሎ የተሰጠ ላፕቶፕ ልጁ ሥራ መፈለግ በሚጀምርበት ሳምንት ከእጁ ይወጣል፤ ከሁሉ ይልቅ በሚያስፈልገው ቀን ማለት ነው። የመለያ ቁጥሩ፣ ስሙና የድርጅታችሁ ማኅተም ያለበት የስጦታ ደብዳቤም አያይዙለት። ከጅማ ወደ ጋምቤላ ቤተሰቡን ሊጠይቅ ሲወርድ ኬላ ላይ «ይህን ከየት አመጣኸው?» ይባላል። ደብዳቤ የያዘ ልጅ ቀና ብሎ ይመልሳል። የሌለው ላፕቶፑን ጥሎ ሊያልፍ ይችላል።

ስለ መብራት አጭር ልበል። ግልገል ጊቤ አንድ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው እዚሁ ዞናችን ውስጥ ነው፤ ግድቡ አጠገብ ባሉ መንደሮች ግን በኩራዝ ያጠኑ ልጆችን አስተምሬአለሁ። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይሏል ይኼ ነው። ካምፕ ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ወደ ካምፕ ላፕቶፕ እንጂ ዴስክቶፕ አትላኩ፤ ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ ከመቶ ዋት በላይ ሊበላ ሲችል ላፕቶፕ ግማሹም ይበቃዋል፣ መብራት ሲጠፋም ባትሪው ይይዘዋል። ዴስክቶፖቹን ጅማና አጋሮ ላይ አስቀሯቸው፣ ከነስታቢላይዘራቸው። ለካምፑ የፀሐይ ኃይል በጀት ከሌላችሁ የማሽኑን ቁጥር ቀንሱና ለእሱ አውጡት።

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚሏችሁ ይኖራሉ፤ የእኛ ልጆች ኮምፒውተር ሳያዩ ለስደተኛ ትሰጣላችሁ ብለው። ቅሬታው እውነት አለውና አትናቁት። አምስት ሚሊዮን ኮደሮች በሚባለው ዘመቻ በነፃ ተማሩ የተባሉ ወጣቶች ጅማ ውስጥም ትምህርቱን በስልክ የሚከታተሉት ኮምፒውተር ስለሌላቸው ነው። መልሱ ግን ስደተኛውን መከልከል አይደለም፤ ለሁለቱም የሚሆን አንድ ክፍል መክፈት ነው። የአካባቢውን ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አስገቡት። ለሚያጉረመርሙትም ጅማ ማን እንደሆነች አስታውሷቸው። በአባ ጅፋር ዘመን የሂርማታ ገበያ የደመቀው ከሩቅ በመጡ ነጋዴዎች ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ኬንያ ገብተው ኢሲዮሎ ካምፕ ውስጥ የከረሙት የእኛው ሰዎች ናቸው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ 160 ሺህ ያህል ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከጅማ ዞን የሄዱ ልጆችም ከእነዚያ መካከል ነበሩ። በሰው አገር መንገላታት ምን እንደሆነ በእነዚህ ከተሞች የማያውቅ ቤት ጥቂት ነው።

ማሽኖቹ አንድ ቀን ይሞታሉ። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» እንዳለችው አህያ አትሁኑ። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አውጥቶ በሥርዓት ተሰብስቦ ጥቅም ላይ የዋለው ከመቶ 22 ያህሉ ብቻ ነው። በአገራችንም ለዚሁ የወጣ ደንብ ቁጥር 425/2010 አለ። የላፕቶፕ ባትሪ ሲነድ ለማጥፋት ያስቸግራል፤ ባሮ ዳር የተጣለ ማዘርቦርድ እርሳሱን ለዓሣውም ለሰውም ያበላል። ስለዚህ ጭኖ የሄደው መኪና በዓመቱ የሞቱትን ጭኖ እንዲመለስ በውሉ ውስጥ አስገቡት። ይህን ቃል መግባት ካልቻላችሁ ቁጥሩን መመለስ በምትችሉት ልክ አድርጉት።

ወጪው በዛብን እንደምትሉ አውቃለሁ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።» አንዱ ኩባንያ ማሽን፣ ሌላው ኤስኤስዲና ራም፣ የትራንስፖርት ማኅበሩ መኪና፣ የቡና ላኪው ለአሠልጣኞቹ ማረፊያ ይስጥ። ጅማ ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎቹን ወደ ኅብረተሰቡ ወርደው እንዲሠሩ በማስተማር የታወቀ ነው፤ የኮምፒውተር ተማሪዎቹን ለዚህ ቢያሰማራ ለእነሱም ልምምድ ነው። ብቻችሁን ለመመስገን ብላችሁ ብቻችሁን አትሸከሙ።

ጊዜውንም ምረጡ። ከሐምሌ እስከ መስከረም ባሮ ይሞላል፣ ወደ አንዳንዱ ካምፕ የሚወስደው መንገድ ይዘጋል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እዚህ ቡና ለቀማ ነው፤ የቡናው ከተማ ወጣት አይገኝላችሁም። ጥር ይሻላል፤ መንገዱ ደርቋል፣ ለቀማውም አልፏል። ከዚያ በፊት ለስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት በደብዳቤ አሳውቁና ፈቃዱን ያዙ፤ ያለ እነሱ ፈቃድ ካምፕ አይገባም። ጥያቄያችሁን ይዘህ ኅዳር ላይ አንተው ቀድመህ ና። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ካሉት ተማሪዎች ጋር አገናኝሃለሁ፤ የሚፈልጉትን ከአፋቸው ትሰማለህ። የማሽኖቹን ዝርዝር ከነሞዴላቸውና ከነቻርጀራቸው ቀድመህ ላክልኝ፤ አጋሮ ካሉት ጠጋኞች ጋር ሆኜ የትኛው መለዋወጫ እዚህ እንደሚገኝ፣ የትኛው ከአዲስ አበባ መምጣት እንዳለበት ለይቼ እጠብቅሃለሁ።